ዓይናችን ብቻ አጥር አይሆንም

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ ሳይሆን ስለ ግቢ እንነጋገር። ማኅበራችን ሻርቅ ላይ ይሰብሰብ እንጂ ብዙዎቻችን የምንሠራው ሰልዋ፣ ባያን፣ ሚሽሪፍ ባሉ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች ነው። በየግቢው ደግሞ ድክ ድክ የሚል ልጅ አይጠፋም። ያ ልጅ አንድ ነገር ሲሆን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ሠራተኛዋ የት ነበረች?» የሚል ነው። «የመዋኛው በር ለምን ቁልፍ የለውም?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እኔ የምለው ሁለተኛው ጥያቄ ይቅደም ነው፤ እሱንም አደጋ ሳይደርስ እኛው እንጠይቅ። ልጅ መጠበቅ ሥራችን ነው፣ አንሸሸውም። ነገር ግን ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ዞር ስንል ይጠፋል። ዓይን ይደክማል፣ ስልክ ይጠራል፣ ማዳም ከላይ ትጣራለች። አጥርና ቁልፍ ግን አይደክሙም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ከውኃ እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከሌላው ዕድሜ ይልቅ በውኃ ሰጥሞ መሞት የሚበዛው ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ሕፃን ሲሰጥም እንደ ፊልም አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄድ። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ከገባ መውጣት ያቅተዋል፤ ጥቂት ጣት የሚሞላ ውኃ ይበቃዋል። ስለዚህ መኪና የታጠበበት ባልዲ ወዲያው ይደፋ፤ በአየር የሚነፋው የልጆች መዋኛም ጨዋታው ሲያልቅ ውኃው ይፍሰስና ይገልበጥ። የመሬት ታንከር ክዳኑ ልጅ የማያነሣው መሆኑን እዩ። ትልቁ መዋኛ በአራቱም በኩል አጥር፣ ራሱ የሚዘጋ በር፣ ከልጅ እጅ በላይ የሆነ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል። ኳስና አሻንጉሊት ውኃው ላይ አይተው፤ ልጁን የሚጠራው እሱ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው የአየር ፊኛ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም። ኸይራን ወዳለው ሻሌ ስትሄዱ ደግሞ ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት መጀመሪያ የውኃውን በር እዩ።

ቀጥሎ ሙቀቱ። የዚህን አገር በጋ ለእናንተ አልነግራችሁም። በ2016 ጁላይ 21 ቀን ሚትሪባ ላይ 53.9 ዲግሪ ተለክቷል። መንግሥት ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ለጎልማሳ የተከለከለ ፀሐይ ለሕፃን እንዴት ይፈቀዳል? በዚያ ሰዓት ልጅ ግቢ አይውጣ። አመሻሽ ላይም ቢሆን ሸርተቴውን፣ የብረት ወንበሩንና ንጣፉን አስቀድማችሁ በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ጎማው ውስጥ ያደረ ውኃ እንደ ሻይ ይፈላል፤ መጀመሪያ መሬት ላይ ይፍሰስ፣ ከዚያ ልጁ ይታጠብ። የጣሪያው ታንከር ውኃም በበጋ ያው ነው።

ተክሉንም እንወቀው። አገር ቤት ሳለን ጉሎ ፍሬው እንደማይበላ፣ የቅንጭብ ወተት ዓይን እንደሚጎዳ እናቶቻችን አስተምረውናል። እዚህ የሚያስተምረን ስለሌለ አበባ ሁሉ አበባ ይመስለናል። ሮዝና ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ረጅምና ሹል የሆነው፣ በዐረብኛ ዲፍላ የሚሉት ተክል ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፤ ልብን ይጎዳል። በየመንገዱና በየግቢው ይተከላል። ልጅ ከሚደርስበት ቦታ ይነሣ፣ ካልሆነም ይታጠር። የተምር ዛፍም ዝንጣፊው ሥር ያለው እሾህ እንደ መርፌ ነው፤ አትክልተኛው ሲቆርጥ መሬት ላይ እንዳይተወው ንገሩት።

የነፍሳት መርዝ፣ የመዋኛ ክሎሪን፣ ክሎሮክስና ጋዝ የመሳሰሉት ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። በፔፕሲ ወይም በውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጡ፤ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ልጅ ከጠጣ በግድ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ነው።

መኪናም አለ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲወጣ አጭር ልጅ በመስታወት አይታየውም። ከሾፌሩ ጋር ተስማሙ፤ ልጁ በእጃችሁ መያዙን ሳያይ ሞተር አያስነሣ። የቆመ መኪናም ይቆለፍ፤ ሕፃን ገብቶ ከተዘጋበት በዚህ ሙቀት ለሕይወቱ ያሰጋል።

«የሰው ቤት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? ብናገር ማዳም ትቆጣኛለች» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። ግን አጠያየቅም አለው። እኔ ባለሁበት ቤት መጀመሪያ የለመንኩት አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ነው። ልጁን ይዤ እበሩ ድረስ ሄድኩና ራሱ ሲከፍተው አሳየኋት። ሌላ ክርክር አላስፈለገም። ዐረብኛው ያልጠና እንዲህ ይበል፦ «ማማ፣ መስበሕ ኸጠር ዐለ ልያሃል። ነቢ ቁፍል።» መዋኛው ለልጆች አደጋ ነው፣ ቁልፍ እንፈልጋለን ማለት ነው። ስለ ራሳችሁ ድካም ሳይሆን ስለ ልጇ ስትናገሩ ጆሮዋ ይከፈታል። እምቢ ካለችም መናገራችሁ አይጠፋም፤ የተናገራችሁበትን ቀን ጻፉት።

ሌላው ነገር ሥራ መደራረብ ነው። ልጅ እየጠበቁ ልብስ መተኮስ የለም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበላሻል። ዓርብ ዓርብ ዘመድ ሁሉ አያት ቤት ሲሰበሰብ ደግሞ ሃያ ሰው ግቢ ውስጥ አለ፣ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ወደ ውስጥ ስትጠሩ ልጁን ለአንድ ሰው በስሙ ጠርታችሁ አስረክቡ፤ «አሁን አንቺ ጋ ነው» በሉ፣ እሺ እስክትል ጠብቁ። ደግሞ በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ሕግ ለእኛ ብቻ የወጣ አይምሰላችሁ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የቆመች ሴት ዓይኗ ተከፍቶም አያይም። ዕረፍታችን የልጁም ጥበቃ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ከመጣ ቁጥሩ 112 ነው። የቤታችሁን አድራሻ በዐረብኛ በቃላችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሠፈሩ ስም፣ ከዚያ ቂጥዓ፣ ሻሪዕ፣ የቤት ቁጥር። ከውኃ የወጣ ልጅ ትንፋሽ ከሌለው አምቡላንስ እስኪደርስ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ያስፈልጋል። ይህ በወሬ አይለመድም፤ ማኅበራችን የሚያሠለጥነን ሰው እንዲፈልግ እኔ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄዬን አቀርባለሁ።

ብዙዎቻችን የራሳችንን ልጆች ለእናቶቻችን ትተን ነው የመጣነው። የሰው ልጅ ስንጠብቅ እነሱ ትዝ ይሉናል። እንግዲያው በሚቀጥለው ስትደውሉ ገንዘቡ ደረሰ ወይ ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። ጉድጓዱ ክዳን አለው ወይ? በርሜሉ ተከድኗል? የአረም መርዙ የት ነው የተቀመጠው? ብላችሁ ጠይቁ።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ግቢያችንን አንድ ጊዜ በልጅ ቁመት፣ ጎንበስ ብለን እንዙረው። ያየነውን ይዘን ዓርብ እንገናኝ፤ ለማዳም መናገር ለከበዳት እህት አጠያየቁን አብረን እንመክራለን።