ዓሣ ማርባትና የውኃ ጥበቃ

ዓሣ ማርባት ለሀገር የሚጠቅም ሥራ ነው። በተለይም በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ገበያው ይመሰክራል፤ በጾም መበላት አለመበላቱ ግን የሊቃውንት ጉዳይ ስለ ሆነ እኛ አንገባበትም። ለማሳሰብ የምንወደው፥ ስለ ዓሣው ትርፍ የሚነገረውን ያህል ስለ ውኃው የማይነገር መሆኑን ነው።

የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን የወሎውን ሐይቅ እንመልከት። ውኃው ቀድሞ እጅግ የጠራ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ግድም ለሕዝብ ምግብ እንዲሆን ታስቦ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጨመረበት። ዓሣው ተራባ፤ ሕዝቡም ተጠቀመ። ከዚያ ወዲህ የመረመሩት ዐዋቂዎች ግን የውኃው ጥራት መቀነሱን አገኙ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ፥ አልጌ የሚባለውን ደቃቅ አረንጓዴ እየበሉ ውኃውን የሚያጠሩት ጥቃቅን ፍጥረታት በዓሣው መበላታቸው እንደ ሆነ ጻፉ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም።

በቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣ ከገባበት በኋላ፥ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ወደ 200 የሚጠጉ የትናንሽ ዓሣ ዓይነቶች ጠፉ። ዛሬ ደግሞ በዚያው ሐይቅ በመረብ ተከልሎ ቆሮሶ ይረባል። ዓሣው ከሚሰጠው መኖ በአካሉ የሚያስቀረው ከፊሉን ብቻ ነው፤ ትርፉና ኩሱ ወደ ታች ሰጥሞ ሲበሰብስ ለመተንፈሻ የሚሆነውን አየር ከውኃው ይጨርሳል። ነፋስ የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ ባወጣው ጊዜ የረባውም ያልረባውም ዓሣ ባንድነት ይሞታል።

ይህ ነገር ለሰሜን ሸዋ ሩቅ አይደለም። በመንዝና በግሼ ደጋ ውርጩ ቆሮሶን አያኖረውም፤ የመርሐ ቤቴ ቆላ ግን ይስማማዋል። ቆላውንም የሚያዋስኑት ጀማና ወንጪት ናቸው፤ ሰውና ከብት የሚጠጣቸው፥ ኋላም ወደ ዓባይ የሚገቡ ወንዞች። ቆሮሶ በጣና የቆየ ነባር ዓሣ ነውና ቢያመልጥ ጉዳቱ ያንሳል። ካርፕ የሚባለው ባዕድ ዓሣ ግን ጭቃ እየቆፈረ ውኃ የሚያደፈርስ ነው፤ የክረምት ጎርፍ ኩሬውን ገንጥሎ ወንዝ ካስገባው በኋላ ተመለስ ቢሉት አይመለስም።

የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ በጊዜው እየከፈተ ኖሯል፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ጓሳ ዛሬም በሕዝቡ ጥበቃ ሥር ነው። ሣርን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ ውኃን መጠበቅ አይቸግረውም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት የዓሣ ጫጩት ከማደላቸው በፊት ዓይነቱን ከባለሙያ ይጠይቁ። ኩሬው ከጎርፍ መሄጃ ርቆ ይቆፈር፤ በመውጫው ወንፊት ይደረግበት፤ ፍሳሹም ለአትክልት ማዳበሪያ ስለሚሆን ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ ጓሮ ይመራ።