የሰው ወርቅ አያደምቅ
ስለ ተማሪ ሯጮች ምልመላና ዝውውር

በደቡብ ቆላማ ከተሞች ተምረን ላደግን ሰዎች አንድ የምናውቀው እንግዳ አለ። የትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር ሲቃረብ ይመጣል። ከሜዳው ዳር፣ ከግራር ጥላ ሥር፣ የሩጫ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ይቆማል። ውድድሩ ሲያበቃ ሁለት ወይም ሦስት ልጆችን ለብቻ ጠርቶ ያነጋግራል። በሚቀጥለው መስከረም ከልጆቹ አንዱ በክፍሉ ውስጥ አይገኝም። ወደ ደጋ ከተማ ሄዶ ለሌላ ትምህርት ቤት እየሮጠ መሆኑ በወሬ ይሰማል። ርእሰ መምህሩ መሸኛ አልጻፉም፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አያውቅም፤ ወላጆቹም በእጃቸው ያለው የአሠልጣኙ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ የስፖርት ጋዜጣ እንጂ የሳይንስ መጽሔት አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በሁለት ምክንያት የእኛም ጉዳይ ነው እንላለን። አንደኛ፣ ምልመላ ማለት መለካት ነው፤ መለካት ደግሞ የሳይንስ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ መንገድ ተወስደው የተጣሉ ልጆች ዘግይተውም ቢሆን ወደ መማሪያ ክፍላችን ይመጣሉ። የማይመጡት ግን ይበዛሉ ብለን እንሰጋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሩጫ ሰዓት አያያዙ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ተማሪ አየን። ጠጋ ብለን ጠየቅነው። የነገሌ ቦረና አካባቢ ልጅ ነው። 10ኛ ክፍል ሳለ አንድ አሠልጣኝ ጫማ፣ ምግብና የኪስ ገንዘብ እንደሚያገኝ ቃል ገብቶለት ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ወደ ደጋ ከተማ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት ለአዲሱ ትምህርት ቤት ሮጦ አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት የቅልጥሙ አጥንት ታመመ፤ የአሠልጣኙም ስልክ መጥራቱን አቆመ። የቀድሞው ትምህርት ቤት «ያለ መሸኛ ሄደሃል» አለው፤ አዲሱ ደግሞ «ትራንስክሪፕትህ አልመጣም» አለው። በሁለቱ መካከል ሁለት ዓመት በታክሲ ረዳትነት አለፈ። እርሱ በመጨረሻ ወደ 10ኛ ክፍል ተመልሶ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አብረውት ከሄዱት ሁለት ልጆች ግን አንዱም ወደ ትምህርት እንዳልተመለሰ ነገረን።

እዚህ ላይ አሠልጣኙን ብቻ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ታላላቅ ክለቦች በአመዛኙ በመዲናይቱና በደጋው ከተሞች በሚገኙበት አገር፣ ለቆላው ልጅ የሚደርስለት መሰላል ብዙ ጊዜ ያ ከግራሩ ሥር የቆመ ሰው ብቻ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብት ባለቀበት ጊዜ ደግሞ፣ ልጅህን እያበላሁ አስተምርልሃለሁ የሚል ሰው ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ጥያቄያችን ልጆች ለምን ይሄዳሉ የሚል አይደለም። የሚሄዱት በምን ልኬት ተመርጠው፣ በማንስ ኃላፊነት ነው የሚል ነው።

ሰዓቱ ምን ይለካል?

በመጀመሪያ ሜዳውን እንመልከት። በአብዛኞቹ ከተሞቻችን የሩጫው መም በኖራ የተሠመረ አቧራማ ክብ ነው። ሠማሪው የመሙን ቅስት በ1 ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢያሰፋው አንድ ዙር በ2π፣ ማለትም በ6.28 ሜትር ይረዝማል። የሚገርመው፣ ይህ ጭማሪ ሜዳው ትንሽ ሆነ ትልቅ አይለወጥም። በ1,500 ሜትር ውድድር ሦስት ዙር ከሦስት አራተኛ ስለሚሮጥ ስሕተቱ ወደ 23.6 ሜትር ይደርሳል። በሰከንድ 6 ሜትር ለሚሮጥ ልጅ ይህ 4 ሰከንድ ያህል ነው። አንዱ «ተሰጥኦ አለው»፣ ሌላው «የለውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ባነሰ ልዩነት ነው። በአጭር ርቀት ደግሞ በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ አንጻር ሯጩን ፈጣን አድርጎ ያሳያል፤ ለ100 ሜትር በተለምዶ የሚታረመው በ0.24 ሰከንድ ነው።

ቀጥሎ አየሩን እንመልከት። ነገሌ ቦረና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ይገኛሉ። በስሌት ብንሄድ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በነገሌ 84 በመቶ፣ በአሰላ 75 በመቶ፣ በበቆጂ 71 በመቶ ገደማ ይሆናል። የኦክስጅን ድርሻም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ የነገሌ ልጅ አሰላ በደረሰ ሳምንት ሲሮጥ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በአገሩ ከለመደው በአሥር በመቶ ያህል ያንሳል። ደሙና ሳንባው ራሳቸውን ለማስተካከል ሳምንታት ይፈልጋሉ።

ይህ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1968 የኦሊምፒክ ውድድር 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ተካሄደ። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ሲወጡ፣ የርቀቱ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ መጨረሻው መስመር ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። የአሸናፊው ሰዓት እንኳ ከክላርክ ክብረ ወሰን 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ያህል የዘገየ ነበር። በዚያ ቀን ብቻ ያየው መልማይ ክላርክን ለክለቡ ባልመረጠው ነበር። ከሞያሌ ወይም ከነገሌ ወጥቶ በመጀመሪያው ወር «አልሆነም» ተብሎ የሚመለሰው ልጅ ከዚህ የተለየ ዕድል አይገጥመውም።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ወንዶች ልጆች እጅግ ፈጥነው የሚያድጉት በአማካይ በ14 ዓመት ገደማ፣ ሴቶች ደግሞ በ12 ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ በእኩዮች መካከል የሁለትና የሦስት ዓመት የዕድገት ልዩነት ማየት የተለመደ ነው። በ15 ዓመቱ ሁሉን የሚቀድመው ልጅ ቀድሞ የጎለመሰ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኙ አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲወለዱ በዚህ ሥርዓት አልተመዘገቡም። በወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ ከጊዜ በኋላ የተጻፈ ነው፤ የሚጻፈውም አንዳንድ ጊዜ ለውድድሩ እንዲመች ሆኖ ነው። ፊፋ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ ማስመርመር ግድ ሆኖበታል። ለእኛ ግን ከመሣሪያው በፊት የሚቀድም ቀላል መንገድ አለ፤ እርሱም ቤተሰቡን መጠየቅ ነው። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አስተያይተው በ27 የቀን ስሞች ዘመን የሚቆጥሩ ጠበብት ናቸው። የገዳ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። ልጁ በየትኛው አባ ገዳ ዘመን፣ በየትኛው ድርቅ ወይም ዝናብ እንደተወለደ እናቱ ታውቃለች። ልጁን በድብቅ የሚወስድ ሰው ግን እናቱን አይጠይቅም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል አትሌቶች ዜግነት እየቀየሩ ለሌላ አገር መሮጣቸው ስላሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2017 ዝውውርን አገደ። በ2018 ባወጣው ደንብ ደግሞ ከ20 ዓመት ዕድሜ በፊት መዛወር እንዳይቻልና የተዛወረውም 3 ዓመት እንዲጠብቅ ወሰነ። ፊፋ በበኩሉ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ይከለክላል፤ ተጫዋቹን ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠኑ ክለቦችም ካሣ እንዲከፈል ያዛል። በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶችም ቤተሰቡ መኖሪያ ሳይቀይር ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ የውድድር ወቅት ሳይወዳደር እንዲቆይ ማድረግ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ደንብ ነው።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ቤተ ሙከራ እናስተምር ነበር። ከሴሚስተሩ አጋማሽ በፊት ስለ ስፖርተኛ ተማሪዎቻችን አንድ ቅጽ ይደርሰን ነበር፤ ይመጣሉን? ውጤታቸው ስንት ነው? ምን እገዛ ይሻሉ? በዚያም ስፖርቱ ትምህርቱን የሚውጥበት ጊዜ አልጠፋም። ሆኖም ስለ ልጁ ትምህርት የሚጠይቅ ሰው ነበረ።

ከአገራችንም ከጎረቤታችንም መልካም አርአያ አለን። በኬንያ ኢቴን የሚገኘው የቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት፣ አየርላንዳዊው መምህር ኮልም ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1976 ከደረሱበት ጊዜ ወዲህ ብዙ ሯጮችን አፍርቷል። በበቆጂ ደግሞ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ቀነኒሳ በቀለንና እነ ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት በዚያችው ከተማ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያው ከበቆጂ የወጡ ልጃገረዶችን ጉዞ የሚከተለው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተሰኘው የ2012 (እ.ኤ.አ.) ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ከቤት ርቆ መሄድ ለታዳጊ ሯጭ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። የበቆጂ ልጅ እንኳ ይህ ከገጠመው የነገሌው ልጅ ምን ይግጠመው?

ምን ይደረግ?

ዝውውር ይከልከል አንልም። መከልከል በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው፤ ምልመላው ይበልጥ ይደበቃል እንጂ አይቆምም። እኛ የምንለው በአደባባይ ይሁን ነው። ለዚህም አራት ነጥቦችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከልጁ በፊት ወረቀቱ ይሂድ። መሸኛው፣ ትራንስክሪፕቱና የወላጅ ፊርማ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ልጁ መለያ አይልበስ። ሁለተኛ፣ ለስፖርት ሲል የተዛወረ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ይማር፣ ይሠልጥን፣ ነገር ግን አዲሱን ትምህርት ቤት ወክሎ አይወዳደር። ቤተሰቡ የተዛወረ ልጅ ግን ይህ አይመለከተው። አንድ ዓመት ለልጅ ረጅም ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ለዘንድሮ ዋንጫ ብቻ የሚመለምል ሰው በዚህ ደንብ ይርቃል፤ የልጁን ነገ የሚያይ አሠልጣኝ ግን ይታገሣል። ያ ዓመትም ሰውነቱ ከደጋው አየር ጋር የሚላመድበት፣ ሰዓቱም ደጋግሞ የሚለካበት ጊዜ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ልጁን ያበቀለው ትምህርት ቤት ዋጋ ያግኝ። የግድ ገንዘብ መሆን የለበትም፤ በውጤት መዝገቡ ላይ ስሙ ከተቀባዩ ጎን ይስፈር፤ ኳስ፣ የሩጫ ሰዓትና የመለኪያ ሜትር ይላክለት። ያኔ የነገሌው የስፖርት መምህር ልጅ ማፍራቱ ኪሳራ አይሆንበትም። አራተኛ፣ ልጁ ቢጎዳ ወይም ባይመረጥ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት መንገድ ከመሄዱ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም የትምህርት ዘመን ሳያቋርጡ የተማሩት እንዲህ ከሆኑ፣ ሁለት ዓመት ያባከነው ልጅ ምን ተስፋ ይኖረዋል?

ውድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አሠልጣኝ ጠርቶ ሲያነጋግራችሁ በትሕትና አራት ጥያቄ ጠይቁ። በየትኛው ትምህርት ቤት እመዘገባለሁ? መሸኛዬን ማን ይጽፋል? ብታመም ማን ያሳክመኛል? ካልተሳካልኝስ በምን እመለሳለሁ? ቅን አሠልጣኝ በዚህ አይቆጣም። እናንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ አንድ የመለኪያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የትምህርት ቤታችሁን መም ለኩ፤ ትክክለኛውን ርዝመት ለስፖርት መምህሩ ጽፋችሁ ስጡ፤ የልጆቹንም ሰዓት በየወሩ የሚመዘግብ ደብተር አስጀምሩ። የአንድ ቀን ሰዓት ልጁ ያን ቀን እንዴት እንደዋለ ይነግረናል፤ የሁለት ዓመት ደብተር ግን ወዴት እያደገ እንደሆነ ያሳየናል።

አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ሌላው ያበቀለውን ልጅ በጨለማ ወስዶ የተገኘ ዋንጫ ትምህርት ቤትን አያደምቅም። ልጁን ከነትምህርቱ፣ ከነስሙና ከነአገሩ ተቀብሎ ማሳደግ ግን ይቻላል፤ ለሚሄደውም፣ ለሚቀረውም፣ ለአገርም የሚበጀው ይኸው ነው።