የጎረቤት ቤት ሲዘጋ

አንባቢዎቼ ሆይ! በጎረቤታችሁ ያለው ቤት በዕዳ ተይዞ ባለቤቱ ቢወጣና በሩ ቢታሸግ፥ ጉዳቱ የማን ይመስላችኋል? «የባለዕዳው ነዋ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መልሳችሁ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት በአሜሪካ አገር፥ በቺካጎ ዙሪያ ባሉት ትናንሽ ከተሞች የደረሰውን እንመልከት። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ የነገሩን መነሻ ላስረዳ። በአገራችን ወለድ አግድ በሚባለው ውል አበዳሪው ንብረቱን ከመጀመሪያው ተረክቦ በወለዱ ፈንታ ይጠቀምበታል። የቺካጎው ልማድ ግን ሌላ ነው፤ ገዢው ከባንክ ተበድሮ ቤት ይገዛል፤ ቤቱም መያዣ ሆኖ፥ እርሱ እየኖረበት ዕዳውን በየወሩ ይከፍላል፤ መክፈል ያቃተው እንደ ሆነ ባንኩ በፍርድ ቤት ቤቱን ያስሸጥበታል። ከ2007 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዓመታት አበዳሪዎች የመክፈል አቅሙን በሚገባ ሳይመረምሩ ለብዙ ሰው አበደሩ። በኋላ የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ሥራም ጠፋ፤ በየመንደሩ ቤቱን የሚያጣው ሰው በዛ።

ባዶ ቤት ዝም ብሎ አይቀመጥም። በክረምት ውሃው በቧንቧው ውስጥ ረግቶ ያፈነዳዋል፤ ሌባ ገብቶ የመዳቡን ሽቦና ቧንቧ ይነቅላል፤ ግብሩ ሳይከፈል ይከማቻል። አጠገቡ ያለው ሰው ዕዳውን በወቅቱ ቢከፍልም የቤቱ ዋጋ ይወድቅበታል። ማዘጋጃ ቤቱም የሚሰበስበው ግብር ሲያንስ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ የሚያወጣው ወጪ ይጨምራል። እንግዲህ ሌላው ግማሽ ይህ ነው።

ቺካጎ ባለችበት በኩክ አውራጃ ከ130 የሚበልጡ ከተሞች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ከንቲባ፥ የራሱ ግብር፥ የራሱ ደንብ አለው። ችግሩ ግን ወሰን አላወቀም፤ መንገዱን ተሻግሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ገባ። በ2008 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የተተዉ ቤቶች እንዲገዙና እንዲታደሱ 3.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደበ። ነገር ግን ገንዘቡ በቀጥታ የተሰጠው ለክፍላተ አገሩ፥ ለታላላቅ ከተሞችና ለአውራጃዎች ነበር። ትንሿ ከተማ ለብቻዋ ማመልከቻ የሚያዘጋጅላት የቤት ጉዳይ አዋቂ እንኳ አልነበራትም።

በዚህ ጊዜ ከቺካጎ በስተ ምዕራብ ያሉት ኦክ ፓርክ፥ ፎረስት ፓርክ፥ ሜይውድ፥ ቤልውድና በርዊን አንድ ኅብረት አቋቋሙ። በደቡብ በኩል ያሉትም እንዲሁ አደረጉ። አንዲቱ ለብቻዋ መቅጠር የማትችለውን አዋቂ በጋራ አገኙ፤ ገንዘብም በአንድ ድምፅ ለመኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኸው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ያሉት ኦክ ፎረስት፥ ፓርክ ፎረስትና ብሉ አይላንድ የጋራ የመሬት ባንክ መሠረቱ። ስሙ ባንክ ይሁን እንጂ ገንዘብ አያበድርም፤ ሥራው ባዶውን ቤት ተረክቦ የቆየ የግብር ዕዳውን ማጥራት፥ የሚጠገነውን ለሚኖርበት ሰው ማስተላለፍ፥ የማይጠገነውን ማፍረስ ነው። ሌሎች ከተሞችም ተከትለው ገቡ።

ከእናንተ አንዱ «ኦክ ፓርክ ከሜይውድ ይልቅ ሀብታም ናት፤ ስለ ምን የሰው ሸክም ትሸከማለች?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሀብታሚቱ የጎረቤቷን ውድቀት በአጥር ልታግደው አትችልም፤ ዛሬ ያልረዳችውን ነገ በራሷ ግብር ትከፍለዋለች። ኅብረቱ ሁሉን ቤት አላዳነም፤ ገንዘቡም ለችግሩ አልበቃም። ቢሆንም ብቻውን የቆመ ከተማ ከዚህ ያነሰ ያገኝ ነበር።

ይህን ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ተማሪ የሆናችሁ ነገ በማዘጋጃ ቤት ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ከወዲሁ ተቀምጣችኋል። የችግር ፋይል በደረሳችሁ ጊዜ «ይህ የእኛን ወሰን አይመለከትም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ከመመለሳችሁ በፊት ግን ችግሩ የት እንደሚያልቅ ጠይቁ። የሚያልቀው ከወሰናችሁ ማዶ ከሆነ፥ ማዶ ላለው ባልደረባችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።