መኪናችን ሙሳኽ ሲያድር



«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ አባቶቻችን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ተረትም አላቸው። ከጠረጠሩ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባ ግን ተረቱ አይነግረንም። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ይህንኑ ነው። ነገሩ መኪናን ለጥገና ሰጥቶ፣ ሲመለሱ «ምን አድርገውባት ይሆን?» ብሎ መብሰልሰል ነው። ከመካከላችን ይህ ያልደረሰበት ባለመኪና ጥቂት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በቅርቡ አንድ በዕድሜ የገፉ የሰፈራችን አባት ወደ እኛ መጡ። ሌሊት በጥበቃ ሥራ የሚያድሩ ሰው ናቸው። የሥራ ሰዓታቸው አውቶቡስ በማይገኝበት ጊዜ ስለሆነ መኪናቸው እንጀራቸው ናት። ለዓመታዊው ቴስት ከማቅረባቸው በፊት ፍሬኑን እንዲሠሩላቸው እሑድ ጧት ለአንድ ሙሳኽ ሰጡ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከፍለው ተረከቡ። ቤታቸው ደርሰው መኪናዋን ዞር ብለው ሲያዩ ግን ሦስት ነገር ልባቸውን ቆረቆረው። አንደኛ፣ ከሩብ ታንክ በላይ የነበረው ቤንዚን ወደ ቀዩ መስመር ተጠግቷል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት የገዙት ባትሪ አሮጌ ሆኖ ታያቸው። «ለውጠውብኛል» አሉ። ሦስተኛ፣ «ፓጎሽ» የሚባለው የኋላ መከላከያ ተጭሯል፤ ከጎኑ ያለው መብራትም ተሰንጥቋል።

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገሩም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ እዚያማ ቸኩዬ መች ልብ ብዬ አየሁ! አሁን ተመልሼ እንዳልናገር ደግሞ ቋንቋው አይመጣልኝም። ጥቁር ስለሆንን ነው እንዲህ የሚያደርጉብን። ብናገርስ ማን ይሰማኛል?» አሉን።

ይህን ቃል ሰምተን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። በቆዳችን ምክንያት ዝቅ ተደርገን የታየንበት ጊዜ እንዳለ የማያውቅ የለም። አገልግሎት ሰጪ ሰውን በዘሩ ወይም በመጣበት አገር እንዳያበላልጥ የሚከለክል ሕግ በ2000 የወጣውም፣ ነገሩ ስላለ ነው። ነገር ግን ይህን ከባድ ቃል ከመናገራችን በፊት በእጃችን ያለውን ማየት ይገባናል። ስለዚህ «ኪስዎ ውስጥ ምን ወረቀት አለ?» አልናቸው። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። መኪናዋን ሲያስረክቡ «ፈርም» ተብለው የፈረሙበት «ካርቲስ ዓቮዳ»፣ ማለት የሥራ ካርድ ነበር። በዕብራይስጥ ስለተጻፈ አላነበቡትም፤ የሚያነብላቸውም አልጠየቁም።

እኛ አነበብነው። መኪናዋ ስትገባ ኪሎ ሜትሩ 148,212 እንደነበረ ተጽፏል። ወደ መኪናዋ ወርደን ስናይ 148,262 ይላል። ከሙሳኹ እስከ ቤታቸው ያለውን 3 ኪሎ ሜትር ብንቀንስ፣ መኪናዋ ሙሳኽ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ 47 ኪሎ ሜትር ተነድታለች ማለት ነው። በካርዱ ግርጌ ደግሞ የመኪና ሥዕል አለ። ሲረከቡ የነበረ ጭረትና ስብራት ምልክት የሚደረገው በዚያ ላይ ነው። ሥዕሉ ምንም ምልክት የለበትም።

በማግስቱ ከእኛ አንዱ አብሯቸው ሄደ። የሙሳኹ ኃላፊ በመጀመሪያ ቆጣ ብሎ ነበር። ስለ ኪሎ ሜትሩ ሲጠየቅ ግን አንድ ደረሰኝ አወጣ። የፍሬኑን ኤሌክትሪክ ለማስመርመር መኪናዋን ወደ ሌላ ከተማ ልከዋት ኖሯል፤ ቀኑም ቦታውም ተጽፏል። ለባለቤቱ ሳይነግሩ መላካቸው ስህተት ነው፤ ነገር ግን ለሽርሽር አልነዷትም። የባትሪው ነገርማ እኛኑ አሳፈረን። ልጃቸው የግዢውን ደረሰኝ ከቤት ፈልጋ በስልክ ቁጥሩን ብታነብልን፣ በመኪናዋ ላይ ካለው ባትሪ ቁጥር ጋር አንድ ሆነ። አቧራ የለበሰ የራሳቸው ባትሪ ነበር። ስለ ፓጎሹ ግን ኃላፊው «ከመጀመሪያም ነበረ» አለ። ያን ጊዜ የራሱን ካርድ ዘርግተን፣ ምልክት የሌለበትን ሥዕል አሳየነው። ጥቂት ዝም አለና መብራቱን በአዲስ ለወጠ፤ ፓጎሹንም በራሱ ወጪ አስቀባ።

እንግዲህ ከሦስቱ ጥርጣሬ አንዱ እውነት፣ አንዱ ግማሽ እውነት፣ አንዱ ደግሞ ሐሰት ሆነ። እኒያ አባት ዝም ብለው ቢቀሩ ኖሮ ሦስቱንም እንደ እውነት ይዘው ይኖሩ ነበር። ሄደው «ሌቦች!» ብለው ቢጮሁም የባትሪው ሐሰት የፓጎሹን እውነት ይዞት ይጠፋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። በጎንደር ገጠር ብዙዎቹ አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ባለእጆች ነበሩ። ገበሬው የሠሩለትን ማረሻ እየተጠቀመበት፣ ልጁ ሲታመምበት ወይም ላሙ ሲሞትበት «ቡዳ በላብኝ» ብሎ ጣቱን ወደ እነርሱ ይቀስር ነበር። ያለ ማስረጃ መጠርጠር በባለሙያ ላይ ምን እንደሚያደርስ እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ስለዚህ እጁ በግራሶ የተነከረውን ሰው ሁሉ ሌባ ማለት ለእኛ አይገባም። መብታችንን በይሉኝታ መተውም እንዲሁ አይገባም። ሁለቱንም የሚያድን መንገድ አለ፤ እርሱም ጽሑፍ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም?

ከዚህ በመነሣት ለአንባብያን የሚጠቅሙ ምክሮችን እናቀርባለን።

መኪናችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በአራቱም በኩል፣ የኪሎ ሜትሩንና የቤንዚኑንም ማሳያ ጨምራችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ገንዘብና ሰነድ አውጡ። ሙሳኹ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ዋጋውን በጽሑፍ፣ «ሀጻዓት መሒር» በሚባለው ወረቀት ጠይቁ። ሳልፈቅድ ተጨማሪ ሥራ እንዳይሠራ ብላችሁ በካርዱ ላይ አስጽፉ። የሚለወጠውን አሮጌ ዕቃ ማየት እንደምትፈልጉም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ፤ ቅጂውንም ያዙ። ዕብራይስጥ ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ አዋቂ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ትንንሽ ልጆቻችንን ለክርክር አስተርጓሚ ማድረግ ለእነርሱም ለእኛም ክብር መልካም አይደለም።

ስትረከቡ በቀን ብርሃን፣ ከመክፈላችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ፤ ኪሎ ሜትሩን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። ፍሬን የሠራ መካኒክ መኪናውን ጥቂት ነድቶ መሞከሩ ግዴታው ስለሆነ በትንሽ ኪሎ ሜትር አትጣሉ። ብዙ ከሆነ ግን «የት ሄዳ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ሐሽቦኒት» ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይቶ የሚያሳይ ይሁን።

ጉዳት ካገኛችሁ እዚያው ፎቶ አንሥታችሁ ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቁ። በ1967 የወጣው የአደራ ጠባቂዎች ሕግ፣ በዕብራይስጥ «ሖቅ ሀሾምሪም»፣ ዋጋ ተቀብሎ ንብረት የያዘ ሰው ንብረቱ በእጁ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ለጥገና ንብረት የተቀበለ ሰው ከኃላፊነት የሚድነው ጉዳቱ በቸልተኝነቱ እንዳልደረሰ ሲያሳይ ነው። ነገር ግን ሕግ ዋጋው እስኪከፈለው ድረስ ንብረቱን ይዞ የማቆየት መብትም ይሰጠዋል። ስለዚህ በሁለተኛ ቁልፍ መኪናችሁን አስነሥታችሁ አትውጡ፤ በክርክሩ ጥፋተኛ ትሆናላችሁ። ይልቁንም ክፈሉና በወረቀቱ ላይ «ሺላምቲ ታሐት መሐኣ»፣ ማለት «እየተቃወምኩ ከፈልኩ» ብላችሁ ጻፉ።

ሙሳኹ እምቢ ካለ ፈቃድ ያለው «ሻማይ» ጉዳቱን ይገምት፤ ከዚያም የምትጠይቁትን ገንዘብ ገልጻችሁ በ«ዶአር ራሹም» ደብዳቤ ላኩ። ይህም ካልሠራ የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት፣ «ቤት ሚሽፓት ሊትቪዖት ቅታኖት» አለ። እዚያ ባለጉዳዩ ራሱ ይናገራል እንጂ እንደ ልማዱ ጠበቃ አይቆምም። የሚከፈለው ከሚጠየቀው ገንዘብ መቶኛው፣ ማለት ለ3,000 ሸቀል ክስ 30 ሳይሆን ትንሹ ክፍያ የሆነው 50 ሸቀል ነው። አዲስ መኪና ያላችሁም ከአስመጪው ሙሳኽ ጋር የታሰራችሁ እንዳይመስላችሁ። በ2016 በወጣው የመኪና አገልግሎት ሕግ መሠረት፣ የተለመደውን «ጢፑል» ፈቃድ ባለው ሌላ ሙሳኽ፣ አምራቹ ባዘዘው መሠረት በማስደረጋችሁ ብቻ «አሐራዩት» አይቀርባችሁም።

እኒያ አባት ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኙን። መኪናቸው ቴስቱን አልፋለች። ጢፑል ሲደርስ ወዴት እንደሚወስዷት ብንጠይቃቸው፣ «ወደዚያው ሰውዬ ነዋ! አሁን እኮ በስሜ ይጠራኛል፤ እኔም ወረቀቱን ሳላስነብብ አልፈርምለትም» ብለው ሳቁ።

እስከሚቀጥለው ዕትም ድረስ ሰላም ሁኑ። በደኅና ንዱ።