«ሕዝብ» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

በሀገራችን የፖለቲካ ንግግር ውስጥ «ሕዝብ» የሚለውን ያህል የተደከመበት ቃል ያለ አይመስለኝም። ደርግ «ሰፊው ሕዝብ» አለው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ «ሕዝቦች» ብሎ አበዛው። (ግእዙ «አሕዛብ» የሚለው ብዙ ቁጥር በቤተ ክህነት ቋንቋ ከእምነቱ ውጭ ላለው ወገን ስለተሰጠ ሳይሆን አይቀርም፣ ሊቃውንቱ እንኳ አልደፈሩትም።) አንቀጽ 39 ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን በአንድ ትርጓሜ ስለጠቀለላቸው አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ ከሰነዱ ማወቅ አይቻልም።

ይህ ለሕግ ባለሙያዎች ይቆየን። የዕለት ተዕለቱ አጠቃቀም የባሰ ጣጣ አለበት። እንግሊዝኛው ሁለት ቃላት የሚመድብላቸውን ነገሮች እኛ በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። «የሕዝብ ብዛት» ስንል ሕፃኑንም፣ እስረኛውንም፣ በመካከላችን የሚኖረውን የውጭ ዜጋም በነፍስ ወከፍ እንቆጥራለን። «የሕዝብ ፈቃድ» ስንል ግን በአንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት የተባለውን አካል ማለታችን ነው። እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን «ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከጎናችን ቆሟል» ሲል ቁጥሩን ከፊተኛው፣ ፈቃዱን ከኋለኛው ተበድሮ አዋህዷቸዋል ማለት ነው። «ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ከጎናችን ቆመዋል» ቢል ግን አድማጩ ወዲያው «ማን ጠየቃቸው?» ይለው ነበር። ስለዚህ ለቆጠራው «ነዋሪ» የሚለው ቃል ይበቃናል ባይ ነኝ።

ቁጥሩስ ቢሆን የማን ነው? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ውጤቱ ከ73 ሚሊዮን በላይ ነበር። የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በእጅጉ ማነሱ ያስነሳው ክርክር ዛሬም አልበረደም። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም ወሰን በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ እንዲከለል ያዛል። ተከታዩ ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ፓርላማው እንደገና አራዘመው። ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ማግሥት የተወለደው ልጅ ሳይቆጠር ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል፤ የሚመርጥበት ክልል ግን የተከለለው እርሱ ከመወለዱ በፊት በነበረ ቁጥር ነው።