ከድምር በፊት የሚመጣው ስሌት

የኦርጋኒክ አጸግብሮት፣ ማለትም የካርቦን ውህዶች ተገናኝተው ወደ ሌላ ውህድ የሚለወጡበት ሂደት፣ የሚያስገኘውን ውጤት ሞላር መጠነ ቁስ ወይም የአንድ ሞሉን ክብደት በግራም ማስላት በተለመደው የኬሚስትሪ ትምህርት እንደ ተራ የድምር ልምምድ ይታያል፤ ተማሪው የተዘጋጀ ቀመር ተሰጥቶት የየአተሙን መጠን ከሰንጠረዥ ያነባል፣ በብዛቱ ያባዛል፣ ይደምራል። ይህ ልማድ ሥራውን ያቀላል ቢባልም ኬሚስትሪውን ከስሌቱ ነቅሎ ያወጣዋል፤ ዋናው ሥራ የውጤቱን ቀመር ማግኘት ነውና።

ኤቲል አሴቴት የተባለው አሟሚ ፈሳሽ የሚሠራበት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። የኮምጣጤ መሠረት የሆነው አሴቲክ አሲድ በሞል 60.052 ግራም፣ ኤታኖል ደግሞ 46.069 ግራም ይመዝናሉ፤ በጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ አፋጣኝነት አብረው ሲሞቁ ግን የሚገኘው ኤስተር ሞላር መጠነ ቁስ የሁለቱ ድምር የሆነው 106.121 ሳይሆን 88.106 ነው፤ ሁለቱ ሞለኪውሎች ሲያያዙ 18.015 ግራም በሞል የሚመዝን ውሃ ይለቃሉና።

ይህን የዘነጋ ስሌት ቤተ ሙከራ ውስጥም ያሳስታል። ከሁለቱም 0.1 ሞል ተወስዶ 5.9 ግራም ኤስተር ቢገኝ ምርቱ 67 በመቶ ነው፤ ይህም አጸግብሮቱ በእኩል ሞል ሲጀመር ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ሚዛን ይዞ እንደሚቆም ከሚታወቀው ጋር ይስማማል። በ106.121 ያሰላ ሰው ግን 56 በመቶ አግኝቶ ያልጠፋ ምርት ሲፈልግ ይውላል።

ውሃው ኦክስጅኑን የወሰደው ከአሲዱ ይሁን ከአልኮሉ ድምሩ ብቻውን አይናገርም። ኧርቪንግ ሮበርትስና ሃሮልድ ዩሪ በ1938 እ.ኤ.አ. ኦክስጅን 18 የተባለው ከባድ አይሶቶፕ፣ ማለትም የዚያው ንጥረ ነገር ከባዱ አተም፣ የበዛበትን ሜታኖል ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አጸግብረው፣ ከባዱ ኦክስጅን በኤስተሩ ውስጥ እንደሚቀርና የውሃው ኦክስጅን ከአሲዱ እንደሚመጣ አሳይተዋል። በእነርሱ እጅ የአተም ክብደት የትኛው ትስስር እንደተበጠሰ መለያ ሆነ፤ በልማዱ ግን ከሰንጠረዥ የሚገለበጥ ቁጥር ሆኖ ቀርቷል።

የልማዱ ደጋፊዎች ጀማሪ መዋቅርን ከማወቁ በፊት መደመርን ሊለምድ ይገባል ይላሉ። ይህ ለገበታ ጨው ይበቃ ይሆናል፤ አራት ካርቦን፣ ስምንት ሃይድሮጅንና ሁለት ኦክስጅን ያለው ቀመር ግን የኤቲል አሴቴትም፣ የተበላሸ ቅቤን ሽታ የሚሰጠው የቡታኖይክ አሲድም ነው። እነዚህ አይሶመሮች፣ ማለትም ቀመራቸው አንድ ሆኖ መዋቅራቸው የተለያየ ውህዶች፣ በድምር አይለዩም። ስለዚህ ፈተናው ቀመሩን ከመስጠት ተቆጥቦ የገቡትን ውህዶች ብቻ ያቅርብ፤ ነጥቡም በቅድሚያ የሚወጣውን ሞለኪውል ለይቶ የውጤቱን መዋቅር ለሣለ ተማሪ ይሰጥ፤ ድምሩን ማንኛውም የሂሳብ መኪና ይሠራዋል።