በረኪናውን የገዛው ማን ነው?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ተረት በብዙ ቤት ተገልብጧል። የሚበጣጠሰው ለጥምቀት የሆነው ነው። ጥር 11 ተለብሶ በማግስቱ ሳፋ ውስጥ ይገባል፤ ለፋሲካ ከቁም ሳጥን ሲወጣ ብብቱ ሳስቷል፣ ጥለቱ ደብዝዟል፣ ነጩም ወደ ቢጫ ሄዷል። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ሠራተኛዋ አበላሸችው!» አንዳንዱ ቤት ከደሞዟ ይቆርጣል። ራራሁ የሚለው ደግሞ ወደ ሸማኔው ይዞራል፤ «የዛሬ ሸማ ድሩም ማጉም አይረባ» ይላል።

በረኪናው ግን በእግሩ ከሱቅ አልመጣም።

በረኪና ቆሻሻውን ለይቶ፣ ጥጡን ትቶ አያልፍም። እድፉን የሚያነጣው ኬሚካል ራሱ የጥጡን ክር ያዳክማል። በአንድ እጥበት ስለማይቀደድ ማንም አያስተውለውም፤ በየበዓሉ ትንሽ ትንሽ ይሳሳና አንድ ቀን ሲጎተት ይተረተራል። ጥለቱ ቀለም የተነከረ ክር ስለሆነ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ከሁሉ የሚብሰው የቧንቧ ዝገት የነካው ነጠላ ነው። ቡናማውን ነጥብ ለማስለቀቅ በረኪና ይጨመርበታል፤ በረኪና ደግሞ ዝገትን ያጸናዋል እንጂ አያስለቅቅም። ነጥቡ እምቢ ሲል ሌላ ክዳን ይጨመራል። ለዝገት የሚሻለው ሎሚ ነው፤ እሱም ብቻውን፣ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ ሳይገናኝ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ያን ጋዝ የምትተነፍሰው ደግሞ ሳፋው ላይ ያጎነበሰችው ልጅ ናት።

«ነግሬያት ነበር» የሚሉ አሉ። ምን ተብሎ ነው የተነገራት? «እንደ በረዶ ነጭ አድርጊልኝ» ተብላ፣ ጠርሙሱ አጠገቧ ተቀምጦላት! ይህ ትእዛዝ ራሱ በረኪና ነው። (የእመቤቶች ጥፋት ብቻም አይደለም፤ ጋቢው ካላብረቀረቀ ቤቱን የሚያምስ ባልም ሞልቷል።)

ድሮ ሁሉም ነገር ለስላሳ ነበር ማለት አይደለም። እንዶድ ብርቱ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በእሱ ነው። ግን በእንዶድ ማጠብ የሚለመደው አብሮ በማጠብ፣ አይቶ በመማር ነበር። ዛሬ ብዙ ሺህ ብር የወጣበት ቀሚስ ከገጠር ከመጣች ወር ላልሞላት ልጅ ይወረወርላታል።

ለማሳየት የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ቀሚሱ ተገልብጦ፣ ሳሙናው አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ሟሙቶ፣ ጥለቱ ሳይፈተግ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ ጥላ ላይ ይሰጣል። ላብ የነካው ብብትና አንገት ሳያድር በሳሙና ይታሻል። በቃ።

ደሞዝ ቆራጮች የሚተማመኑበት አንድ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛ እንደ ፋብሪካ ባልደረባ አዋጁ ለደሞዝ ቅነሳ ያስቀመጠውን ገደብ ጠቅሳ መከራከር አትችልም። ከሳሽም፣ መስካሪም፣ ዳኛም ያው አሠሪዋ ነው። በቀሚስ ምክንያት የተቆረጠባት ካለች ገንዘቧ ይመለስላት፤ በረኪናውም ከልብስ ማጠቢያው ተነስቶ ሽንት ቤት ይቀመጥ።